ለደንበኞቻችን፦ ሽፋን በሌለው የጥጥ ወረቀት ፎቶ ለምታሳትሙ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ፎቷችሁን ሽፋን በሌለው የጥጥ ወረቀት እንድናትምላችሁ እየጠየቃችሁን ነው። በጣም ደስ ብሎናል፤ እኛም የምንወደው ወረቀት ነው። ግን ለሁሉም ፎቶ አይሆንም።

የተለመደው የፎቶ ወረቀት ላዩ ላይ ስስ ሽፋን አለው። ሽፋኑ ቀለሙን እዚያው ይይዘዋል። ጥቁሩ ጥቁር ብሎ፣ ቀዩም ደምቆ የሚወጣው ለዚህ ነው። ሽፋን የሌለው ወረቀት ግን ቀለሙን ይመጠዋል። ጠብታው በጥጡ ክሮች መሃል ይሰርጋል፣ ወደ ጎንም ይሰፋል። ስለዚህ ጥቁሩ ወደ ግራጫ ያደላል፤ ጥላ ያለበት ቦታ ይደፈናል። ለማት (ለማያንጸባርቅ) ወረቀት የተሠራውን ጥቁር ቀለም ብንጠቀምም ልዩነቱ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

የምረቃ ፎቶን እንውሰድ። ጥቁሩ ጋውን እዚህ ወረቀት ላይ የደበዘዘ ይመስላል፣ እጥፋቱም አይለይም። እሱን ሽፋን ባለው አንጸባራቂ ወረቀት ብናትመው ይሻላል። ነጠላ ያጣፉ አያታችሁ በመስኮት ብርሃን የተነሱት ፎቶ ካላችሁ ግን አምጡልን! ፕሪንተራችን ነጭ ቀለም የለውም፤ የነጠላው ነጭ የወረቀቱ የራሱ ነጭ ነው። ጥጡ ትንሽ ወደ ክሬም ስለሚያደላ ጨርቁ ሞቅ ይላል፣ የፊታቸው መስመርም ለስለስ ብሎ ይወጣል። እንዲህ ያለውን ፎቶ አንጸባራቂ ወረቀት ላይ ማተም ያሳዝነናል።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1991 ሙዚቀኛው ግራሃም ናሽ ካሊፎርኒያ ውስጥ በከፈተው ማተሚያ ቤት ፎቶ ሽፋን በሌለው የውሃ ቀለም ሥዕል ወረቀት ላይ ይታተም ነበር። የዚያ ዘመን ቀለም ቶሎ ይለቅ ነበር። እኛ የምንጠቀመው የፒግመንት (ከደቃቅ የቀለም ብናኝ የተሠራ) ቀለም ብርሃንን በጣም የተሻለ ይቋቋማል።

ፎቶውን በቴሌግራም ስትልኩ እባካችሁ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩት፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ጥራቱ ይወርዳል። ለኤ4 መጠን 2480 በ3508 ፒክስል በቂ ነው። ጥላውን እኛ ስለምናፈካው እናንተ አታጥቁሩት። የስልክ ስክሪን ከውስጡ ብርሃን ስለሚሰጥ ወረቀት እንደሱ አይደምቅም። መጀመሪያ ትንሽ ናሙና አትመን እናሳያችኋለን፤ እሱን አይታችሁ ወስኑ።

ህትመቱን በማግስቱ ነው የምናስረክበው፤ በደንብ መድረቅ አለበት። ፍሬም ስታሠሩ መስታወቱ ፎቶውን እንዳይነካ ለሠራተኛው ንገሩት። ላሚኔት ግን አታስደርጉት፤ ፕላስቲኩ የከፈላችሁበትን ወረቀት ይሸፍነዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የማተሚያ ቤታችሁ ባልደረቦች