የትኛው አባት? ስለ ኮሌጅ ክፍያ ላወጣችሁት ዘገባ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የግል ኮሌጅ ክፍያ እንዴት እንደሚሸፈን ያወጣችሁትን ዘገባ ሰው ሁሉ በቴሌግራም ሲቀባበለው እኔም ጋ ደረሰ። የፔል ግራንት፣ የአሜሪካ መንግሥት ገቢያቸው ዝቅ ላለ ተማሪዎች የሚሰጠው የማይመለስ እርዳታ፣ ጣሪያው በዓመት 7,395 ዶላር ነው ያላችሁት ልክ ነው፣ እሺ። ግን መሀል ላይ «አባትና እናት አንድ ምሽት አብረው ቁጭ ብለው ፋፍሳውን ከሞሉ ሌላው የኮሌጁ ሥራ ነው» የምትል አረፍተ ነገር አለች፣ ፋፍሳ ማለት የፌዴራሉ የኮሌጅ እርዳታ ማመልከቻ ፎርም ነው። ከሌሊት ሺፍት ገብቼ ልተኛ ስል ነው ያነበብኳት፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ። የትኛው አባት? የሠርግ ጥሪ ካርድ ነው እንዴ የምትጽፉት?

እኔ ልጆቼን ለብቻዬ ያሳደግኩ፣ ነርሲንግ ሆም የምሠራ ሰው ነኝ። በኛ ኮሚኒቲ እንደኔ ያለች እናት ስንት እንደሆነች ለማወቅ ጥናት አያስፈልግም፣ እሁድ ቅዳሴ ሲያልቅ በር ላይ መቆም ይበቃል። አባትየው አዲስ አበባ ቀርቶ፣ ወይ ሌላ ስቴት ሄዶ ሌላ ትዳር ይዞ፣ ወይ ጭራሽ የት እንዳለ ሳይታወቅ። ዘጋቢያችሁ ያነጋገራቸው ባልና ሚስት ሁለቱም ዶክተሮች ናቸው፣ እግዚአብሔር ልጃቸውን ይባርክላቸው፣ ቅናት የለብኝም፣ ግን ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል እነሱን ብቻ ማግኘት ራሱ ችሎታ ይጠይቃል።

እስቲ ረጋ ብለን እንነጋገር። ወላጆች ከተፋቱ ፋፍሳ የሚፈልገው አንዱን ብቻ ነው፣ ከ2024–25 ጀምሮ ደግሞ ባለፈው 12 ወር ልጁን በገንዘብ የበለጠ የረዳውን። ስለዚህ «አብረው ቁጭ ብለው» የምትሉት እዛም ለኛ አይሠራም። ዋናው ጉዳይ ግን ብዙ ገንዘብ ያላቸው የግል ኮሌጆች የራሳቸውን ግራንት የሚሰጡት በፋፍሳ ብቻ አይደለም፣ አብዛኞቹ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን የኮሌጅ ቦርድ ፎርም ይጠይቃሉ። ይሄ ስም ዘገባችሁ ውስጥ አንድ ቦታ እንኳን የለም! ፋፍሳ የምትኖሩበትን ቤት አይቆጥርም፣ ሲኤስኤስ ግን ቤቱ ስንት ያወጣል፣ ስንት እዳ ቀረው ይላል። ክፍያም አለው፣ ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25 ዶላር፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ኮሌጅ 16 ዶላር፣ የቤተሰቡ የዓመት ገቢ እስከ 100,000 ዶላር ከሆነ ግን ነፃ ነው፣ ይሄን ባለማወቅ የሚተወው ሰው አለ። ደግሞ ከነዚህ ኮሌጆች ብዙዎቹ ከልጁ ጋር የማይኖረውም ወላጅ የራሱን ፎርም እንዲሞላ ያዛሉ።

እኔ ላይ የደረሰው ይሄ ነው። ልጄ የገባበት ኮሌጅ (ስሙን ተዉት) የአባቱ መረጃ እስኪመጣ ፋይሉ ኢንኮምፕሊት፣ ያልተሟላ ነው አለ። ሰውየውን ልጁ ራሱ አያውቀውም እኮ! እስከዛው ብለው የላኩት የኤይድ (የእርዳታ) ደብዳቤ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ፦ ከላይ ፔል ግራንት፣ ቀጥሎ በልጁ ስም 5,500 ዶላር ሎን (ብድር)፣ ከዛ ዎርክ ስተዲ (ልጁ እየተማረ ሠርቶ የሚያገኘው)፣ መጨረሻ ላይ የቀረውን በሙሉ ፓረንት ፕላስ ብለው ሞልተው፣ ሁሉንም ደምረው፣ ከስር የሚከፈል ቀሪ ዜሮ! ዜሮውን ሳይ እልል ልል ነበር። ፓረንት ፕላስ ማለት በኔ ስም የሚወጣ ብድር ነው፣ የ2025–26 ወለዱ 8.94 በመቶ።

አባት ለማይገኝለት ልጅ ዌይቨር፣ ማለት ያለ አባቱ ፎርም ይለፍ የሚል ፈቃድ፣ እንዳለ የነገረችኝ አብራኝ የምትሠራ ጋናዊት ናት፣ የናንተ ሚዲያ አይደለም። ቤተሰብ ያልሆነ፣ ኑሯችሁን የሚያውቅ ሰው በጽሑፍ ይመስክር ይላሉ፣ ካውንስለር ወይም የሃይማኖት አባት። የንስሐ አባታችን ጻፉልኝ፣ በአማርኛ፣ አንድ ገጽ ሙሉ፣ «በአብ በወልድ» ብለው ጀምረው፣ ከስር የቤተክርስቲያኑን ክብ ማኅተም መትተው። የኮሌጁ ኦፊስ ደግሞ ይተርጎም፣ ግን ቤተሰብ አይተርጉመው አለ፣ እሱንም አስተርጉሜ ላክሁ። ዌይቨሩ ሲፈቀድ ኮሌጁ የራሱን ግራንት ጨመረና ያ ፓረንት ፕላስ የተባለው መስመር ከደብዳቤው ላይ ወጣ። እንግዲህ እናንተን አምና ፋፍሳዋን ሞልታ «ሌላው የኮሌጁ ሥራ ነው» ብላ የተቀመጠች እናት ምን ይደርስባት ነበር?

የዘለላችሁት ሌላም አለ። ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ላይ ያሉ ልጆች የፌዴራል ገንዘብ አያገኙም፣ ከራሳቸው ካዝና የሚሰጧቸው የግል ኮሌጆች ግን አሉ። ቨርጂኒያ ነዋሪ ሆኖ እዛው ስቴት ያለ ትርፍ የሚሠራ የግል ኮሌጅ ለሚገባ ደግሞ ቪታግ የሚባል ግራንት አለ፣ ገቢ አያይም፣ አሌክሳንድሪያ ስንት አንባቢ እያላችሁ! ለእናት ለእህት ወደ አገር ቤት የምንልከውንም ፋፍሳ አይጠይቅም፣ ሲኤስኤስ ላይ ግን ልዩ ሁኔታ የሚጻፍበት ቦታ ስላለ እዛ ማስረዳት ይቻላል፣ የዌስተርን ዩኒየን ደረሰኝ አትጣሉ።

ፎርሞቹ ኦክቶበር 1 አካባቢ ይከፈታሉ፣ ኧርሊ ዲሲዥን፣ ማለት ከተቀበላችሁን እንገባለን ብለው ቀድመው ለሚያመለክቱ ልጆች ደግሞ የብዙ ኮሌጆች ዴድላይን ኖቬምበር ነው። እርማቱን ከዛ በፊት አውጡት፣ ያውም ዘገባው በወጣበት ቦታ እንጂ ማንም የማያየው ጥግ ላይ አይሁን። ዌይቨሩን ማን መጠየቅ እንደሚችል፣ ደብዳቤውን ማን እንደሚጽፍ በአማርኛ አስረዱ። የምታነጋግሩት ሰው ከጠፋ ደግሞ እኔ ከሺፍት የምወጣው ጠዋት 1 ሰዓት ነው፣ ደውሉ።

አንዲት እናት
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ