እማዬ፣ የማክመው ሰው የለም

እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በርበሬው ደርሶኛል።

ባለፈው ስንደዋወል «ዶክተር ናት እላለሁ፤ ምን ታክማለች ሲሉኝ ግን ምን ልበል?» ብለሽ አሳቅሽኝ። መስመሩ ሲቆራረጥ በቅጡ አልመለስኩልሽም። መነጽርሽን አድርጊና ይኸው።

የማጠናው ውቅያኖስ ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያንን ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ የባሕር ውኃ ውስጥ ሚሊዮኖች አሉ። ፕሮክሎሮኮከስ የሚባለው በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ከሚሠራ ፍጥረት ሁሉ በቁጥር ይበልጣል። ሆኖም እስከ ፈረንጆቹ 1980ዎቹ መኖሩን ያወቀ አልነበረም። ካገኙት አንዷ ፔኒ ቺዝሆልም የምትባል ሴት ናት። ሴት መሆኗ ደስ ይለኛል፤ አንቺም ደስ እንደሚልሽ አውቃለሁ።

ከመኪናና ከፋብሪካ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉን ባሕር ይወስዳል። ላይኛው ውኃ ያሉት ተሕዋስያን ካርቦን ወስደው ያድጋሉ። እነሱን ሌሎች ይበሏቸዋል፤ አብዛኛው ካርቦን መልሶ ጋዝ ይሆናል። ጥቂቱ ግን ወደ ጥልቁ ይሰምጣል፤ እዚያ ከደረሰ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ላይወጣ ይችላል። ምን ያህሉ ይሰምጣል? መንገድ ላይ ማን ይበላዋል? የኔ እንጀራ ይኼ ጥያቄ ነው።

ከሃዋይ ደሴቶች በስተሰሜን፣ ጥልቀቱ 4,800 ሜትር ገደማ የሆነ ቦታ አለ። ከፈረንጆቹ 1988 ጀምሮ በየወሩ ገደማ መርከብ እየሄደ ውኃ ይቀዳበታል። በብረት ክብ ዙሪያ የታሰሩ ረጃጅም ጠርሙሶች በገመድ ይወርዳሉ፤ በየጥልቀቱ አፋቸው ይዘጋል። ሲወጡ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ከታች የመጣው ውኃ ግን ጣቴን ያደነዝዘዋል። ከዚያ ማጣራት ነው። ብዙ ሊትር አልፎ ማጣሪያው ላይ የሚቀረው ሳንቲም የምታክል ፈዛዛ አረንጓዴ ክብ ናት። ለሷ ስንል ሌሊቱን እንቆማለን። የሐዋሳ ሐይቅ ልጅ ሆኜ መርከብ ላይ ያስመልሰኛል፤ ለማንም እንዳትነግሪ!

ቋሚ ሥራ ላልሽው፣ የለኝም። ደመወዜ ከጥናት ገንዘብ ነው፤ ሲያልቅ እንደገና ማመልከት ነው። ያለፈው ማመልከቻዬ ወድቋል። እውነት ለመናገር ያናድደኛል፤ የባሕር ነገር በሦስት ዓመት ኮንትራት አያልቅም። ግን አልተራብኩም፣ አታስቢ።

ለፋሲካ አልመጣም። መርከቡ የሚነሳው በሕማማት ነው። ለእንቁጣጣሽ ቲኬት ቆርጫለሁ፤ አሞራ ገደል ሄደን ዓሣ እንበላለን።

የግፊት መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ። ብር እልካለሁ፤ ክረምት ሳይገባ የጣራውን ቆርቆሮ አስቀይሪው።

ልጅሽ