ጉሎና ሞተር፦ የሳይንስ ክበባችን በ2017

ዘንድሮ የክበባችን ዋና ሥራ ዘይት ነበር። ሞዴል አውሮፕላን እናበራለን ብለው የተመዘገቡት ልጆች መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፤ በኋላ ግን ከዘይቱ ጠረጴዛ የሚነሳ ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የቀድሞ ተማሪያችን 2.5 ሲሲ የሆነች አሮጌ የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ሰጠን። መዳፍ ውስጥ ትገባለች። ቱ ስትሮክ ናት፣ እንደ ድሮዎቹ ባጃጆች፤ ዘይቷ ለብቻው የሚቀመጥበት ቦታ የለውም፣ ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፣ ሥራውን ሠርቶ በጭስ ማውጫው ይወጣል። ነዳጇ ግን ሜታኖል የሚባል አልኮል ነው። ካንዴላዋም የእሳት ብልጭታ አይሰጥም። ውስጡ ፕላቲነም ያለበት ቀጭን ጥቅል ሽቦ አለ። ስትነሳ በ1.5 ቮልት ባትሪ እናግለዋለን፤ ከተነሳች በኋላ ባትሪው ቢነቀልም ከሲሊንደሩ ሙቀት ሌላ ሜታኖሉ ፕላቲነሙን ሲነካ የሚፈጠረው ሙቀት ሽቦውን እንደጋለ ያቆየዋል። ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) ማለት ምን እንደሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ቲቸር፣ ለምን ዝም ብለን የመኪና ዘይት አንጨምርባትም?» አለች። የዓመቱ ሥራ ከዚህ ጥያቄ ተነሳ። በአንድ የሙከራ ቱቦ ሜታኖልና የመኪና ዘይት፣ በሌላው ሜታኖልና የጉሎ ዘይት ጨምረን ነቀነቅን። የመኪናው ዘይት ትንሽ ቆይቶ ሥር ተኛ፣ ድንበሩ በዓይን ይታያል። ጉሎው ግን ሟሟ፣ ቱቦው ጥርት ብሎ ቀረ። የማይሟሟ ዘይት ደግሞ ታንኩ ሥር ይቀራል እንጂ ፒስተኑ ጋ አይደርስም።

ምክንያቱ ኬሚስትሪ ነው። ከጉሎ ዘይት ፋቲ አሲዶች (ዘይት የሚሠራባቸው ረጃጅም የካርቦን ሰንሰለቶች) 90 በመቶ ያህሉ ሪሲኖሌይክ አሲድ የሚባለው ነው። ይህ አሲድ በ12ኛው ካርቦኑ ላይ ኦኤች፣ ማለትም የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ፣ አለው። ሌሎቹ የምናውቃቸው የምግብ ዘይቶች ይሄ የላቸውም። በዚህች ኦኤች የተነሳ ዘይቱ ከአልኮል ጋር ይስማማል፣ ይወፍራል፣ ብረት ላይም ሙጭጭ ይላል። ልጆቹ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ለፈተና ብቻ የሚሸመደድ ይመስላቸው ነበር። ኦኤቿን ሰሌዳው ላይ ስንስላት አንዱ ልጅ «ታዲያ ሞተሩን የያዘችው እሷ ናታ!» ብሎ ጮኸ። በጣም ደስ አለኝ።

ከዚያ ወደ ሙቀት ሄድን። ቆርቆሮ በደንብ አግለን ከሁለቱም ዘይት ጠብ ጠብ አደረግንበት። የመኪናው ዘይት ቀጠነ፣ ሸሸ፣ ጨሰ። ጉሎውም ጨሰ፤ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም፣ እየወፈረ ሄዶ ቢጫ ስስ ሽፋን ሆኖ ቀረ። ሞተር ውስጥም የሚሆነው ይሄው ነው። ነዳጁ ሲሳሳ፣ ማለትም ከአየሩ አንጻር ሲያንስ፣ ሞተሩ ይግላል፣ ያን ጊዜ ጉሎው ብረትና ብረት መሃል ይቆማል። ሰው ሠራሾቹ ዘይቶች ንጹሕ ናቸው፣ ቆሻሻ አይተዉም፤ ከመጠን በላይ ሲግሉ ግን ብዙዎቹ ተነው ይጠፋሉ፣ ፒስተኑም ደረቁን ይቀራል።

ስለዚህ አቋሜን ልናገር። ለትምህርት ቤት ሞተር ጉሎ ነው የሚያስፈልገው። ልጅ የሚገባውን ነዳጅ መጠን የሚወስነውን መርፌ ማስተካከል የሚማረው በእጁ እየሞከረ ነው፣ ሲማር ደግሞ አንዳንዴ ከሚገባው በላይ ይዘጋዋል። ጉሎ ይታገሣል። በተለይ አዳማ ላይ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስላለን አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ መርፌውን ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው ትንሽ ጠበቅ ማድረግ አለብን፤ ስንት ዙር እንደሚዞር ከመጽሐፍ አንብቦ መጨረስ አይቻልም። ድምፁን ሰምተህ ጭሱን አይተህ ነው። የተጠቀምነው 80 በመቶ ሜታኖልና 20 በመቶ ጉሎ ነው፤ በዓለም አቀፍ የፍጥነት ሞዴሎች ውድድር የታወቀ ቅልቅል ነው።

ታሪኩንም አልዘለልነውም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኖም እና ለሮን የሚባሉት የሚሽከረከሩ የአውሮፕላን ሞተሮች የሚሠሩት በጉሎ ዘይት ነበር፣ ምክንያቱም ጉሎ ቤንዚን ውስጥ በቀላሉ አይሟሟምና ነዳጁ አጥቦ አይወስደውም። ያልተቃጠለው ዘይት አብራሪው ፊት ላይ ይረጭ ነበር። ጉሎ ሆድ ላይ ምን እንደሚያደርግ እናቶቻችን ያውቁታል፣ አብራሪዎቹም አውቀውታል። ካስትሮል የሚለው የዘይት ስምም ከዚሁ ከጉሎ የእንግሊዝኛ ስም የመጣ ነው።

ጉሎ ዕዳም አለው። ከገና ዕረፍት ስንመለስ ሞተሯ ፕሮፔለሩን ብንገፋው ብንገፋው አልዞር አለች። ካንዴላዋን ፈትተን በባትሪ ስናይ ፒስተኑ ዙሪያ ማር የመሰለ ሙጫ ደርቋል። በካቻቢቴ መጎርጎር ክልክል ነው፣ ሲሊንደሩ ይጫራል። በፀጉር ማድረቂያ ቀስ እያልን አሞቅናት፣ ቀዝቀዝ ስትል ጥቂት ጠብታ ሜታኖል ጨመርን፣ ጠበቅን። መጀመሪያ የፀጉር ያህል ተነቃነቀች፣ ከዚያ ለቀቀች። አሁን ሥራ ሲያልቅ ታንኩን ባዶ አድርገን ነዳጁ እስኪያልቅ እናስነሳታለን፣ ቀጥሎ ቀጭን የማሽን ዘይት እንጨምርባታለን። ሜታኖል ከአየር እርጥበት ስለሚስብ ካልተጠነቀቁ ኩሽኔታውን ያስዝጋል።

ልጆቹ በየአጥሩና በየቦዩ ዳር የሚበቅለውን ጉሎ ራሳቸው መጭመቅ ፈልገው ነበር። አልፈቀድኩም። ፍሬው ውስጥ ራይሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለ፣ ዘይቱ ሲወጣ መርዙ ፋጉሎው ውስጥ ይቀራል፣ እሱን የሚነካ ልጅ ማየት አልፈልግም። የተጠቀምነው የተጣራ፣ ተገዝቶ የመጣ ዘይት ነው። ሜታኖሉንም የማነካው እኔ ብቻ ነኝ፣ በጓንትና በመነጽር። ቢጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም፣ ነበልባሉ ደግሞ በቀን ብርሃን አይታይም። ሞተሯ ስትነሳ ማንም ከፕሮፔለሩ ፊትም ሆነ ጎን አይቆምም፤ ሁሉም ከኋላ ነው።

አውሮፕላኑ ራሱ ዘንድሮ አልበረረም። ክንፉ አልቋል፣ ጅራቱ ቀርቷል። በ2018 የመጀመሪያ ሥራችን ግን ቅልቅል ዘይት ነው፤ ግማሽ ጉሎ፣ ግማሽ ሰው ሠራሽ፣ ሙጫው ይቀንስ እንደሆነ ማየት እንፈልጋለን። ለዚህ ግራም የምትለይ ሚዛን ያስፈልገናል። ቤቱ ያለችው ወላጅ ቢያውሰን በጥንቃቄ እንይዛታለን። የክበቡ ምዝገባ መስከረም ላይ በኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ በር ላይ ይለጠፋል።