ይሉኝታሽን ወደቡ ላይ ተይው

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ብቻ ብርዱ ሲመጣ ይቀሰቀስባታል።

ባለፈው በስልክ «አባዬ፣ በሸራ ጀልባ አትላንቲክን ልሻገር ነው» ስትይኝ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም። እናትሽ አጠገቤ ነበረች። ማታ ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ደመወዙ ስንት ነው?» ብላ ነው። ደመወዝ የለውም አልኳት። ለምግቡም ታዋጣለች ስላት ጭራሽ ባሰባት። ሰው ከኪሱ ከፍሎ ባሕር ላይ ይንገላታል? ሁለት ቀን ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት የባሕር እንጀራ የበላሁ ሰው ምን አፍ ኖሮኝ እከለክልሻለሁ።

ስለ ሸራ የማውቀው ነገር የለም። ከአሰብ ስነሳም ስመለስም የእኔ ቦታ ሞተር ክፍል ነበር። ስለ ሰው ግን ትንሽ አውቃለሁ። የጀልባዋን ፎቶ ልከሽልኛል፣ 12 ሜትር ነች፣ ታምራለች። የባለቤቶቿን፣ የባልና ሚስቱን ፎቶ ግን አላክሽም። ሃያ ቀን ገደማ የምትኖሪው ከእነሱ ጋር ነው እኮ።

ስለዚህ መነሻችሁ ላስ ፓልማስ፣ ካናሪ ደሴቶች ላይ፣ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድመሽ ድረሺ። ወደቡ ላይ ጀልባዋ ውስጥ እደሪ። አንድ ቀን አብረሻቸው ወጣ በይና ሰውየውን ልብ ብለሽ እይው። በተለይ ተመልሰው ገመድ ሲያስሩ። ነፋስ እየገፋው፣ ሰው ቆሞ እያየው፣ ሚስቱ ላይ የሚጮኽ ከሆነ መሐል ባሕር ላይ ባንቺም ይጮኻል። ከዚህ በፊት አብረዋቸው የሄዱ ሰዎችን ስልክ ጠይቂ፣ በተለይ የሴቶችን። ደህና ሰው ከሆነ ደስ ብሎት ይሰጥሻል። ልብሽ እንቢ ካለ ሻንጣሽን ይዘሽ ውረጂ። «ምግቡን ሁሉ ገዝተን፣ ይህን ያህል ተዘጋጅተን፣ እንዴት እላቸዋለሁ» እንዳትይ። ኅዳር ላይ እዚያ ወደብ ሰው የሚፈልግ ጀልባ ብዙ ነው። ገመዱ ከተፈታ በኋላ ግን መውረጃ የለም። የመመለሻሽን የአውሮፕላን ቲኬት እኔ እችላለሁ።

ወረቀትሽንም አደራ። የያዝሽው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። ከእነሱ ጋር ስለሆንሽ ብቻ እንደነሱ የምታልፊ አይምሰልሽ። የካሪቢያኗ ደሴት ማርቲኒክ የፈረንሳይ ግዛት ብትሆንም ሸንገን በሚባለው የአውሮፓ የጋራ ቪዛ ክልል ውስጥ አይደለችም፣ የሃምቡርጉ የመኖሪያ ፈቃድሽ ይበቃል ብለሽ እንዳትሞኚ። ብዙ ደሴት ላይ ደግሞ በጀልባ የገባን እንግዳ «መውጫ ቲኬትህስ?» ይላሉ። ካፒቴኑ ይዞት ለገባው ሰው ተጠያቂ ስለሆነ እሱም ያስብበታል። ቲኬቱን ማን እንደሚከፍል አሁን ተነጋገሩ፣ በጽሑፍ።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም።

አንድ ሌሊት የሞተር ክፍል ተረኛ ነበርኩ። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ የባሕር ውኃ የሚስበው ፓምፕ ድምፁ ተቀየረብኝ። እጄን ሳስጠጋ ይፋጃል። ሁለተኛው መሐንዲስ ሁለት ቀን ሙሉ ጥገና ላይ ከርሞ ገና ጎኑን ማሳረፉ ነው። ትንሽ ይተኛ ብዬ ተውኩት። ቅባት ጨመርኩ፣ ዞር ዞር አልኩ፣ እንደገና ነካሁት። አርባ ደቂቃ እንዲሁ ስቅለሰለስ ፓምፑ ተጣብቆ ቆመ። ሞተሩን ማጥፋት ግድ ሆነ። ያን የሚያህል መርከብ ስድስት ሰዓት እንደ ቡሽ ተንሳፈፈ። መሐንዲሱ «ለምን አልቀሰቀስከኝም?» አለኝ። «እንቅልፍዎን እንዳልረብሽ ብዬ ነው።» በእጅጌው ፊቱን ጠረገና ዝም አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እኛ ቤት «ቀስቅሱኝ» ያለ ሰው እንዳይቀሰቅሱት ይጸልያል። ካፒቴኑ ግን «ከተጠራጠርሽ ቀስቅሺኝ» ካለሽ የምሩን ነው። በአንድ ሌሊት አሥር ጊዜ ቀስቅሺው።

በሌሊት ጥበቃ ተራሽ ሰዓት የመርከብ መብራት ካየሽ ቀለሙን እይ። ቀይ ብቻ ከሆነ ግራ ጎኑን ነው የምታይው፣ አረንጓዴ ብቻ ከሆነ ቀኙን። ቀይና አረንጓዴውን አንድ ላይ ካየሽ ግን አፍንጫውን ወደ አንቺ አዙሯል። ከአድማስ ብቅ ካለ በኋላ አንቺ ጋ ለመድረስ ሩብ ሰዓት ሊበቃው ይችላል። እነሱ ያዩናል ብለሽ አትተማመኚ። የትልልቆቹ መርከቦች ሰው ነበርኩ፤ ማዕበል ሲኖር ትንሽ ጀልባ ራዳር ላይ ከሞገዱ ጋር ተቀላቅላ ትጠፋለች።

ላይፍ ጃኬቱን በልክሽ አስተካክይ። በማሰሪያው ራስሽን ከጀልባዋ ጋር ሳታያይዢ ማታ ከበሩ አትውጪ። ጀልባዋ በ6 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 6 የባሕር ማይል ከሄደች በሴኮንድ 3 ሜትር ገደማ ማለት ነው። የወደቀ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ 180 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይቀራል፣ የተኛውን ቀስቅሶ ሸራ አውርዶ እስኪመለሱ ደግሞ አስቢው። ሸራው የታሰረበትን አግድም ብረት፣ ቡም የሚሉትን፣ ከራስሽ በላይ ባለበት ሁሉ ተጠንቀቂው። ነፋሱ ከኋላ ሆኖ ድንገት ወደ ሌላው ጎን ሲወረወር አይምርም።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ታስመልሻለሽ። እኔም አስመልሻለሁ፣ አድሚራሎችም ያስመልሳሉ። መታመምሽን ንገሪያቸው። ድንቅ ሆነሽ ለመታየት ጓዳ ገብተሽ ሽንኩርት መክተፍ የለም! ውጪ ተቀመጪ፣ አድማሱን እይ፣ ዝንጅብል አኝኪ።

በውኃው በኩል አልሰጋም። ውኃ በፈረቃ እየመጣ ያደግሽ ልጅ ነሽ፤ በአንድ ጆግ ፀጉር መታጠብን ከእነዚያ ፈረንጆች በላይ ትችይበታለሽ። በባሕር ውኃ ታጥበሽ በመጨረሻ ብቻ በንጹሑ ማለቅለቅ ነው።

እናትሽ አሁን ተረጋግታለች። ሰሞኑን የምትፈጭ የምትቆላው ለአንድ ክፍለ ጦር ይበቃል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ ወደዚያ በሚሄድ ሰው ልከንልሻል። በሶው ማብሰያ አይፈልግም፣ ጀልባዋ ስትንገዳገድ በኩባያ በጥብጦ መጠጣት ነው። የድሮ ባሕረኞች ከካናሪ ሲነሱ «ቅቤው እስኪቀልጥ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ» ይሉ ነበር፤ እዚያ ሲደርሱ ወደ ምዕራብ የሚነፍሰው «የንግድ ነፋስ» የሚሉት ከኋላ ይይዛቸዋል። ይህን ስነግራት «ታዲያ ቅቤ ልላክላት?» አለችኝ። የነቢያት ጾም መሆኑን ሳስታውሳት ደነገጠች። መንገድ ላይ ዓሣ ማጥመዳችሁ አይቀርም። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ከእሷ ጋር ጨርሺ፣ እኔ አልገባበትም።

የአትላንቲክን ካርታ ከሳሎኑ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ከላስ ፓልማስ እስከ መድረሻችሁ ሴንት ሉሲያ 2,700 የባሕር ማይል ገደማ ነው፣ በእጄ ስንዝር ሁለት ይሆናል። በሳተላይት መልእክት ሲቻል ሐተታ አልፈልግም፣ ኬክሮስና ኬንትሮሱን ብቻ ላኪልኝ። እናትሽ ለምልክት የሚሆን ቀይ ክርና መርፌ አዘጋጅታለች። የመጀመሪያውን መርፌ ላስ ፓልማስ ላይ ዛሬ ጠዋት ራሷ ሰካችው።

አባትሽ
ደብረ ዘይት