ለአባባ፣ ስለ ኮልፌው ቤት ድርሻ

ውድ አባባ፣

ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኛ ደህና ነን፤ ልጆቹ «አያታችንን ይዘህ ና» እያሉ ሰላም አልሰጡኝም።

ከአበልጅዎ፣ ከክርስትና አባቴ ጋር እኩል የያዛችሁትን ቤት፣ የእሳቸውን ግማሽ ለመግዛት አስበው የላኩልኝን ሂሳብ ደጋግሜ አየሁት። እርሳሱ ሁለት ቦታ ተፍቋል፤ እርስዎም ልብዎ እንዳልቆረጠ ገባኝ። ደላላው ቤቱን 8 ሚሊዮን ብር ሲል፣ እርስዎ ለአበልጅዎ ድርሻ 3 ሚሊዮን ብለው ጀምረው 2,840,000 ላይ አቆሙ።

«ግማሽ ቤት ማን ይገዛል?» ማለትዎ እውነት ነው፤ ከማያውቀው ሰው ጋር ግቢ ልጋራ የሚል ገዢ አይገኝም። ግን ገዢው እኮ እርስዎ ነዎት፤ እጅዎ ሲገባ ሙሉ ቤት ይሆናል። ደግሞ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋራ ባለሀብት ክፍፍል መጠየቅ ይችላል፤ ቤቱ ካልተከፋፈለ ተሽጦ ገንዘቡን ይካፈላሉ። ያኔ ክርስትና አባቴ የሚያገኙት የሙሉውን ቤት ዋጋ ግማሽ ነው። ሌላ ሰው ሊገዛ ቢመጣ ሕጉ ለእርስዎ ቅድሚያ ይሰጥዎታል፤ ቅድሚያ እንጂ ቅናሽ አይሰጥም።

የደላላውንም ዋጋ እንዳለ አልቀበለውም። ደላላ ቤቱን ባዶ አድርጎ ነው የሚገምተው። ስድስቱም ክፍሎች ተከራይ አለባቸው፤ ከመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ወዲህ ደግሞ ኪራይ እንደፈለጉ አይጨመርም፣ ተከራይም ውሉ ሳያልቅ እንዲሁ ውጣ አይባልም። በወር 30,000፣ በዓመት 360,000 ብር ነው የሚገባው። በዚህ ኪራይ 8 ሚሊዮኑ የሚመለሰው ከ22 ዓመት በኋላ ነው! ስለዚህ 7 ሚሊዮን ብንል ለሁለታችሁም ያስኬዳል፤ ግማሹ 3,500,000።

ቆርቆሮ ያስለወጡበትንና የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ያስቆፈሩበትን 160,000 ሙሉውን ከእሳቸው ላይ ቀንሰዋል። ግማሹ እኮ የራስዎ ወጪ ነው፤ የሚቀነሰው 80,000 ብቻ ነው። ለጉድጓዱ ደረሰኝ የለም፤ ግን ቆፋሪዎቹን ሻይ ያጠጡት እሳቸው ስለሆኑ አይክዱም። ከመስከረም ወዲህ ያልደረሳቸው የ8 ወር ኪራይም አለ፣ በየወሩ 15,000፣ በድምሩ 120,000። ታመው ስላልጠየቁ ተረሳ መሰለኝ። እሱ ሲጨመር የሚከፈላቸው 3,540,000 ይሆናል።

የጎደለዎትን እኔ እሞላለሁ፣ ስለ እሱ አያስቡ። ብቻ ውልና ማስረጃ ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ወረቀት ያሳዩዋቸው። በእርሳስ ነው የጻፍኩት፤ የተሳሳትኩት ካለ አብራችሁ ፋቁት።

ልጅዎ