ለእማዬ፦ ስለ አባዬ በርኖስ

ፍራንክፈርት፣ መስከረም

ውድ እማዬ፣

እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገረሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? የክረምቱ ብርድ ጉልበትሽን አላስቸገረሽም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ማሙሽ ሰባት ወሩን ደፍኖ ያለ ድጋፍ መቀመጥ ጀምሯል። ከታች ሁለት ጥርስ አውጥቷል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ነው የሚወስደው።

ይህን ደብዳቤ ቀስ ብላ እንድታነብልሽ እታለምን አደራ ብያታለሁ። በስልክ ልነግርሽ እያሰብኩ ድፍረቱን ያጣሁት ነገር አለ። በክርስትናው ቀን «በአባትሽ በርኖስ ጠቀለልሽው ወይ?» ብለሽ ስትጠይቂኝ «አዎ፣ ፎቶግራፉ ላይ ግን አልወጣም» አልኩሽ። ዋሽቼሻለሁ እማዬ። ማሙሽ የተጠመቀው አንቺ በላክሽው ጋቢ ተጠቅልሎ ነው። በርኖሱ ያን ቀን በረንዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ይቅር በዪኝ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

በርኖሱን ያመጣችልኝ ሴት ሻንጣዋን ስትከፍት ገና ሳላየው ሽታው ቤቱን ሞላው። ናፍታሊን ነበር። ዕቃውን አቅፌ ስጠጋው ደግሞ ከናፍታሊኑ ሥር የእርጥበት፣ ከእርጥበቱም ሥር የጢስ ሽታ አለ። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ለገና ሌሊት ከሳጥኑ አውጥተሽ አባዬ ትከሻ ላይ ስታደርጊለት ታየኝ። አጣጥፌ ማሙሽ አልጋ ግርጌ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ አዋላጇ መጣች። እዚህ አገር አራስ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላም አዋላጅ ቤቷ ድረስ እየመጣች ልጁን ትመዝናለች፣ ቆዳውንና የዓይኑን ነጭ ታያለች። ገና በሩን እንዳለፈች ቆም አለችና «ይህ ምን ሽታ ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። በርኖሱን እንደ ሕፃን በሁለት እጇ አንስታ በረንዳ ላይ አወጣችው፣ መስኮቱን ሁሉ ከፈተች፣ ከዚያ አጠገቤ ቁጭ አለች።

ናፍታሊን ሳይቀልጥ፣ ውኃ ሳይሆን፣ ከጠጣርነቱ በቀጥታ ወደ አየር የሚለወጥ ነገር ነው። ሳጥን ውስጥ የምታስቀምጫቸው ነጫጭ ኳሶች ከወራት በኋላ እያነሱ እያነሱ የሚጠፉት ለዚህ ነው። ጠፉ እንላለን እንጂ ልብሱ ውስጥ ገብተዋል። ሕፃን በዚያ ልብስ ሲጠቀለል በትንፋሹም በቆዳውም ይወስደዋል። የአራስ ጉበት ገና አልጠነከረምና መርዙን ማስወገድ ይከብደዋል፤ ቀይ የደም ሕዋሱ ይፈርስና ልጁ ቢጫ ይሆናል። ደግሞ ጂ ሲክስ ፒ ዲ የሚባለው፣ የደም ሕዋስን የሚጠብቅ ኢንዛይም ከተፈጥሯቸው የሚያንሳቸው ልጆች አሉ። ወባ በኖረባቸው አገሮች ይበዛል፤ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል፣ በወንዶች ላይም ይጠናል። እነዚህን ልጆች ባቄላ እንኳ ሊጎዳቸው ይችላል። በናፍታሊን በተቀመጠ ልብስ ተጠቅልለው የታመሙ፣ የሞቱም ሕፃናት በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበው ይገኛሉ። ማሙሽ በኋላ ተመርምሮ ጉድለቱ የለበትም ተባልን፣ ተመስገን። ያን ጊዜ ግን አናውቅም ነበር፤ ብናውቅም የአርባ ቀን ልጅ አፍንጫ ሥር ላደርገው አልችልም ነበር።

የአባቷን ልብስ ናቀች እንዳትዪኝ ብቻ ነው የምለምንሽ። ብል የአባዬን የሠርግ ኮት ብብቱን ወንፊት አድርጎት ስታገኚ ደጃፍ ላይ ተቀምጠሽ ያለቀስሽውን ልጅ ብሆንም አልረሳሁትም። ናፍታሊን ቤታችን የገባው ከዚያ በኋላ ነው። አያቴ የመንዙን በግ ጥቁር ጠጉር በእንዝርት ፈትላ ያሠራችው በርኖስ እስከ ልጄ የደረሰው አንቺ ስለጠበቅሽው ነው። ናፍታሊኑ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የምጽፍልሽ በርኖስ አይኖርም ነበር።

እንግዲህ በእጄ ያለው ልብስ ከእኔ ይበልጥ ዕድሜ ያለው ነው፤ ባበላሸው የሚተካው የለም። መጀመሪያ ቸኩዬ አጥፍቻለሁ። የተቆላ ቡና በጨርቅ ቋጥሬ ከበርኖሱ ጋር በከረጢት ዘጋሁት፤ ከሳምንት በኋላ ሳወጣው ናፍታሊንም ቡናም ይሸት ነበር። ቀጥሎ የታችኛውን ጠርዝ አንዱን ጥግ በሙቅ ውኃና በዱቄት ሳሙና አሸሁት። ሽታው ንቅንቅ አላለም፤ ጥጉ ግን ሦስት ጣት ያህል ስፋቱ ተኮማትሮ ጠጠረ። ዛሬም እንደዚያው ነው፣ ስትመጪ አሳይሻለሁ። የሱፍን አንድ ጠጉር በቅርብ ብታዪው እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ነው፤ ሙቀት፣ ሳሙናና ማሸት ሲገናኙበት ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዙና አይላቀቁም። ናፍታሊን ደግሞ በውኃ አይሟሟም፤ የሚወደው ቅባትን ነው። የእኛ በርኖስ የበጉ ቅባት ሙሉ በሙሉ ያልወጣለት የእጅ ሥራ ስለሆነ ናፍታሊኑን አጥብቆ ይዞታል። በውኃ ልዋጋው መሞከሬ ከንቱ ነበር። የሚያስወጣው ነፋስና ሙቀት ነው፤ ጊዜም ይፈልጋል።

ከላይኛው ፎቅ የቲያትር አልባሳት ስትሰፋና ስትንከባከብ የኖረች አሮጊት ጎረቤት አለችኝ። በርኖሱን በጣቶቿ ዳሰሰችና «ይህን ማን ፈተለው?» ነበር የመጀመሪያ ቃሏ። የአያቴን ነገር ነገርኳት፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ራሷ ዕቃ ታየዋለች። ወፍራም የእንጨት ዘንግ በፎጣ ጠቅልለን ትከሻው እንዳይወጠር አድርገን ፀሐይ በማያገኘው በረንዳ ሰቀልነው። ፀሐይ በቀጥታ ሲያርፍበት ሱፍ ይደርቃል፣ ጥቁሩም ወደ ቡናማ ይነጣል። በየሁለት ቀኑ ገለበጥኩት፣ በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ጠረግሁት። ዝናብ ሲመጣ አስገባሁት። መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት እንዲህ አለፉ።

በሰኔ መጨረሻ የዚህ አገር ሙቀት ከሠላሳ ዲግሪ አለፈና ሽታው እንደገና ባሰ። በጣም አዘንኩ፤ ሦስት ወር የደከምኩት በከንቱ መሰለኝ። ጎረቤቴ ግን «ደስ ይበልሽ፣ እየወጣ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ከዚያ ሙቀት በኋላ በአንድ ጊዜ ቀለለ። የኔ አፍንጫ ለምዶት ስለነበር ፍርዱን ለእሷ ተውኩላት። በርኖሱን በንጹሕ ፕላስቲክ ከረጢት አስረን ሞቅ ባለ ክፍል ሁለት ቀን አስቀመጥነውና ከረጢቱን ስንፈታ የወጣውን አየር እሷ አሸተተች። ሦስት ጊዜ «ገና» አለችኝ። በአራተኛው ራሷን ነቀነቀች።

የእርጥበቱ ሽታ ሌላ ጣጣ ነበር። ሳጥኑ ወለል ላይ ተቀምጦ ስንት ክረምት አሳልፏልና ታችኛው እጥፋት ላይ ግራጫ ሻጋታ አርፎበት ነበር። አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ውጭ ላይ በብሩሽ አራገፍሁት፤ ቤት ውስጥ ቢራገፍ ብናኙ ሌላው ልብስ ላይ ይሄዳል። ቤኪንግ ሶዳ ነስንሺበት ያሉኝም ነበሩ፤ የሻጋታውን ሽታ ጥቂት ቀነሰው፣ ዱቄቱን ከፈትሉ መሐል ለማውጣት ግን ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አልመክርሽም።

ውኃ ያገኘው በመጨረሻ፣ በሐምሌ ማብቂያ ነው። በመታጠቢያ ገንዳው ለብ ያለ ውኃ ሞላሁ፤ ክርን ሲነከርበት የማይሞቅ የማይቀዘቅዝ። የማሙሽን የራስ መታጠቢያ ሻምፖ ጥቂት ጨመርኩበት። በርኖሱን አስገብቼ በመዳፌ ወደ ታች ብቻ ጫን ለቀቅ አደረግሁት፤ ማሸት የለም፣ መጠምዘዝ የለም። የመጀመሪያው ውኃ እንደ አቦል ጠቆረ፤ ሁለተኛው እንደ ቶና፣ ሦስተኛው እንደ በረካ ቀጠነ። የስንት ዘመን ጢስና አቧራ ነው እማዬ! መለቅለቂያውም ለብ ያለ ነበር፤ ሱፍ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ድንገት ሲገባ ይደነግጣል። መጨረሻው ላይ ግማሽ ስኒ አቼቶ ጨመርኩበት፤ የቀረውን ሳሙና ያስለቅቃል፣ ሱፍም ትንሽ ኮምጣጣነት ይስማማዋል። ውኃ የጠጣ ሱፍ ከባድ ነው፤ በጫፉ ቢያነሡት ይለጠጣል፤ ስለዚህ እኔና ጎረቤቴ በአንሶላ ደግፈን አወጣነው፣ በፎጣ ጠቅልለን ተጫንነው፣ ጠፍጣፋ ላይ ዘርግተን አራት ቀን እያገላበጥን አደረቅነው።

ሲረጥብ የወጣው ሽታ የበግ ነው፣ የደብረ ብርሃን ገበያ በጠዋት። እሱን ለማስለቀቅ አልሞከርኩም፤ ቅባቱ ነው፣ ዝናብን የሚመልሰውም እሱ ነው። በቀኝ ትከሻው በኩል ደግሞ የጧፍ ጠብታ አገኘሁ፣ ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ ሦስት ነጥቦች። አልነካኋቸውም። ከየትኛው ሌሊት እንደሆኑ ታውቂያለሽ?

አሁን የማሙሽ አልጋ ግርጌ ላይ ነው። ሻካራ ስለሆነ ከሥሩ ጋቢ አድርጌ ነው የምጠቀልለው። ታኅሣሥ ላይ በረዶ ሲወርድ ተጠቅልሎ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ይህኛው በእውነት ይደርስሻል።

እማዬ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ለበርኖሱ ብቻ አይደለም። ሳጥኑ አልጋሽ ራስጌ ነው ያለው። መስኮቱን ለብርድ ብለሽ ዘግተሽ፣ ሌሊቱን ሁሉ ያንን አየር ስትስቢ ታድሪያለሽ። ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል የምትዪው ከዚያ ብቻ ነው አልልም፤ ናፍታሊን ግን ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው ከሚጠረጠሩት መድቦታል፤ እዚህ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በዚያው አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ ለብል መከላከያነት መሸጡ ተከልክሏል። የእታለም ሕፃንም አንቺ ጋ ታድራለች፤ ኳሱ ደግሞ ከረሜላ ይመስላል። እባክሽን ከቤቱ ይውጣ።

የአባዬን ካፖርት እንደ በርኖሱ ውኃ ውስጥ እንዳታስገቢው፤ ገበሩና የትከሻው መደገፊያ ከሱፉ እኩል አይኮማተሩም። በነፋስ ቀልሎለት ሲያበቃ ደረቅ እጥበት ቤት ይሂድ። የሹራቦችሽ ነገር ቀላል ነው፤ ለብ ባለ ውኃ እንደነገርኩሽ ይታጠቡ። በረኪና ግን ጨርሶ አይነካቸው፣ ሱፍን ይበላል። በወይራ ወይም በዕጣን ላጥነው ማለትሽ አይቀርም፤ ጢሱ ከላይ ይደረብበታል እንጂ ናፍታሊኑን አያወጣውም፣ ናፍታሊን ደግሞ እሳት የሚቀበል ነገር ነው። ነፋሱ የጥቅምትና የኅዳር ይበቃል፣ አየሩም ደረቅ ነው። ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ሁሉ ሲታጠን ብቻ ልብሶቹ ወደ ቤት ይግቡ።

ስለ ብሉ አትስጊ። የሚበርረው አይበላም፤ የሚበላው ትሉ ነው፣ ትሉም ላብና ምግብ የነካው ልብስ ላይ ይበረታል። ንጹሕና ደረቅ ሱፍ አፉ በደንብ በታሰረ ከረጢት ሲቀመጥ፣ በየሁለት ወሩም ሲራገፍና በብሩሽ ሲጠረግ ያለ ናፍታሊን ይኖራል። የኔን ለማረጋገጥ ጎረቤቴ ትልቁ ማቀዝቀዣዋ ውስጥ በዜሮ ሥር 18 ዲግሪ ሁለት ሳምንት አቆይታልኛለች፤ እንቁላልም ቢኖር በዚያ ያልቃል።

ሳጥኑ ጥድ ስለሆነ እንጨቱ ራሱ ናፍታሊን ጠጥቷል፤ ንጹሕ ልብስ ብትመልሺበት እንደገና ያስሸተዋል። ቅዳሜ የእታለም ትልቁ ልጅ ይመጣል፤ ሳጥኑን ወደ በረንዳ ያወጣዋል፣ ክዳኑን ከፍቶ ድንጋይ ላይ ያስቀምጠዋል፣ የቀሩትን ኳሶች ጠርሙስ ውስጥ ዘግቶ ይወስዳቸዋል። ብሩሽና ከረጢት ገዝቶ እንዲመጣ ገንዘብ ልኬለታለሁ። አንቺ ከጫፉ እንኳ እንዳታነሺው፣ ወገብሽን እወቂ። ሽታው ወጣ አልወጣ የሚለውንም እሱ አሽትቶ ይንገርሽ፤ ያንቺ አፍንጫ እንደ እኔው ለምዶታል።

እጅሽን እስማለሁ።

ልጅሽ