ገንፎው ከገባ አገንፊዋ ለምን በር ላይ ትቀራለች?

ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ምጥ ላይ ያለች እናት የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲገባ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ስሙን አልጠራም። ሲስተሮቹ ከአንዷ አልጋ ወደ ሌላዋ ሲሯሯጡ አይቻለሁ፣ ክስ የለኝም። ያቺ ሌሊት ግን አትረሳኝም።

ምጤ የጀመረው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። እናቴ እስከ በሩ አብራኝ መጣች። «አስታማሚ ውጭ ይጠብቅ» ተባለች። ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ፔርሙሷን አቅፋ ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አደረች። እኔ ከግድግዳው ወዲህ «እማዬ ወገቤን!» እላለሁ። በመሀላችን አሥር ሜትር ቢኖር ነው።

ሌሊት ስምንት ሰዓት አካባቢ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ወለል ልትወለውል ገባች። አየችኝ። መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች፣ እጇን ታጠበች፣ መጣች። «እስቲ ዙሪ የኔ ልጅ።» በጎኔ አስተኛችኝና ከወገቤ ዝቅ ብሎ ያለውን አጥንት በመዳፏ ጫን አድርጋ ያዘችው። ምጡ ሲመጣ ትጫናለች፣ ሲለቀኝ ትለቃለች። «ተንፍሺ፣ ማርያም ትቅረብሽ» ትለኛለች። ሕመሙ ጠፋ አልልም። አንሶላ መንከሴን ግን አቆምኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየችና ተጠርታ ሄደች። የያዘችልኝ የእናቴን ሥራ ነበር።

ይሄ የባልቴት ወግ እንዳይመስላችሁ። ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2010 ዓ.ም. ያወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ፣ እናት የመረጠችው ሰው ከጎኗ ይሁን ይላል። ሕመም እንዲቀልላት ለምትፈልግ ጤነኛ እናት ማሸት፣ የሞቀ ጨርቅ፣ የአተነፋፈስ ዘዴ ይመክራል። ትንቀሳቀስ፣ ቀና ትበል፣ እህል ውሃም ትቅመስ ይላል። በ17 አገሮች የተካሄዱ 26 ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረመሩም፣ ከ15 ሺህ በላይ ሴቶች ናቸው፣ ከምጥ እስከ ወሊድ ሰው ያልተለያቸው እናቶች ምጣቸው አጠር ብሎ ተገኝቷል። ማስታገሻ የፈለጉትም፣ በኦፕራሲዮን የወለዱትም አነስ ያሉ ናቸው። ቆሞና እየተራመዱ ማማጥ ደግሞ ተኝቶ ከማማጥ ጋር ሲነጻጸር የመጀመሪያውን የምጥ ጊዜ በአማካይ በአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ያሳጥራል። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ ያማጠች ታውቃለች።

መድኃኒት አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። «እናቶቻችን ያለ ማስታገሻ ወልደው የለ!» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ደሜ ይፈላል። ከእናቶቻችን ስንቶቹ በወሊድ ሞተዋል። የምጥ ሕመም የሚያስታግሰው የጀርባ መርፌ ለምትፈልግ እናት ይድረሳት። እስኪዳረስ ግን እጅ አለ።

ቤት መውለድ ይሻላልም አላልኩም። በ2003 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ከመቶ 10 ብቻ ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሱ። ቀላል ሥራ አይደለም። ጤና ጣቢያዎች ገንፎ አስገንፍተው፣ ቡና አፍልተው ወላድ ሲቀበሉ አይተናል፣ ደስም ብሎናል። ታዲያ ገንፎው ከገባ አገንፊዋ ለምን በር ላይ ትቀራለች?

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ አልጋዎቹ የተጠጋጉ ናቸው፣ የሰው ገመና ይታያል። እውነት ነው። እኔ በነበርኩበት ክፍል ሦስት ነበርን፣ መጋረጃ የሚባል የለም። ግን መጋረጃ ስንት ብር ነው? ሕንፃ ሥሩ አላልኩም። በየአልጋው መሀል ጨርቅ ይሰቀል፣ ለአንድ ሰው ብቻ ይፈቀድ፣ እሷም እጇን ታጥባ ጋዋን ለብሳ ትግባ። ባሌ ይግባልኝ የምትልም ካለች ባሏ ይግባ፤ ወገብ ማሸት በአምስት ደቂቃ ይማራል። በእርግዝና ክትትል ቀን ሚድዋይፏ የት ጋ እንደሚጫኑ ለሁለቱም ብታሳያቸው ያበቃል። ለሲስተሮቹም እፎይታ ነው፤ አራት እናት ለብቻዋ የያዘች ባለሙያ የማንን ወገብ ትያዝ?

ከሁሉም በላይ ደግሞ ይሄ በጥበቃው ወይም በተረኛዋ ደግነት የሚወሰን አይሁን። ከእናንተ በወጣ ወረቀት ይሁን፣ ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ በትልቁ ይለጠፍ። ለጥበቃውም ይነገረው። በሩ እሱ ጋ ነው ያለው።

ታናሽ እህቴ ቀኗ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። እናቴ ፔርሙሷን ካሁኑ አጥባ አስቀምጣለች። «አሁንስ ያስገቡኝ ይሆን?» ብላ ትጠይቀኛለች። ምን ልበላት?

ከአክብሮት ጋር
የአንድ ልጅ እናት፣ ከአዲስ አበባ